ለመኪና ላሜራ የሪቬት ነት መግጠሚያ አመራረጥ

ከኋላው እጅ ገብቶ ዳዶ መያዝ በማይቻልበት ስስ ላሜራ ላይ ቡሎን የሚታሰርበትን ጥርስ የሚሰጠው ሪቬት ነት ነው፤ ይህም ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በመግጠሚያው ሲሳብ ከላሜራው ኋላ ተጨምቆ የሚይዝ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ ነው። መግጠሚያውን ከመግዛትዎ በፊት የትኛውን መጠን እንደሚገጥሙ ይለዩ። በአንድ እጅ የሚጨመቀው፣ ፒንሳ የሚመስለው መሣሪያ ለኤም 4 እና ኤም 5 (ቁጥሩ የቡሎኑ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው)፣ ቢበዛ ለአልሙኒየም ኤም 6 ይበቃል። የብረት ኤም 8 ግን ያቅተዋል፤ ነቱ በደንብ ሳይጨመቅ ይቀርና ቡሎኑ ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። ለመኪና ሥራ የምንመክረው ሁለት ረጃጅም እጀታ ያለውን ነው። እጀታው የማይከፈትበት ጠባብ ቦታ ላይ በመፍቻ እየጠበቀ የሚስበው ዓይነት ይሻላል።

ነቱን የሚስበው ባለጥርስ ዘንግ ተፈትቶ የሚቀየር፣ መለዋወጫውም የሚገኝ ይሁን፤ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነውና። በየጊዜው አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉበት።

የላሜራው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ለኤም 6 ነት 9 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 8 ነት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የነቱ ማሸጊያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። ቀዳዳው ከሰፋ ነቱ አይነክስም። የተበሳውን ጠርዝ ሞርደው ጸረ ዝገት ይቀቡ። መጀመሪያ በቁርጥራጭ ላሜራ ይሞክሩ፦ እጀታው ድንገት ሲከብድ ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ መጫን የነቱን ጥርስ ያበላሻል ወይም ዘንጉን ይሰብራል።