ሬቲኖል ፊት ሲያቃጥልና ሲልጥ ለኔ የሰራልኝ

ፊቴ ላይ ያሉትን ስስ መስመሮች ይቀንስልኛል ብዬ 0.5 ፐርሰንት ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ የቆዳ ቅባት) ማታ ማታ ስቀባ አፍንጫዬ ጎንና ከንፈሬ ጥግ ላይ ቀላ፣ ቆዳው መላጥ ጀመረ፣ ውሃ እንኳን ሲነካው ያቃጥላል።

መጠኑን ቀንሼ በየቀኑ ቀጠልኩ፣ ለውጥ የለም። የተላጠውን በስክራብ ላነሳ ስል ባሰበት። ቫይታሚን ሲ ሴረም ስጨምርበትማ ጭራሽ ነደደ።

የሰራው ይሄ ነው፦ ሁሉንም አቁሜ ለስላሳ ማጠቢያ፣ ሴራማይድ (የቆዳን እርጥበት የሚይዝ የስብ ዓይነት) ያለው ሞይስቸራይዘርና ጠዋት ሰንስክሪን ብቻ። ሞይስቸራይዘሩ ራሱ ሲቀባ ማቃጠሉን እስኪተው ጠበቅኩ፣ እባካችሁ እዚህ ጋ አትቸኩሉ ምክንያቱም የቆዳው መከላከያ ሳያገግም ሬቲኖል ከመለሳችሁበት እንደገና ዜሮ ነው። ከዛ ወደ 0.2 ፐርሰንት ወርጄ በሳምንት 2 ማታ ብቻ፣ ፊቴ ጥሩ አድርጎ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ ሞይስቸራይዘር፣ ቀጥሎ አተር የምታክል ሬቲኖል ለመላው ፊት፣ ከላዩ ደግሞ ሞይስቸራይዘር። አፍንጫ ጎንና ከንፈር ጥግ ላይ ቀድሜ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ምርቱ እዛ ጋ ነው የሚጠራቀመው። ቆዳዬ ሲለምደው ቀስ እያልኩ ማታዎቹን ጨመርኩ፣ መላጡም ማቃጠሉም ቆመ።

ሰንስክሪኑ ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል መጠኑ) 30 እና ከዛ በላይ ይሁን፣ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት፣ ቆዳን ቶሎ ከሚያስረጁት ዋናው ፀሐይ ነውና ያለ ሰንስክሪን የሬቲኖሉ ልፋት ከንቱ ነው። እርጉዝ የሆናችሁ ወይ ለማርገዝ ያሰባችሁ ግን ሬቲኖል ይቅርባችሁ።