ወገብን ለዲስክ ችግር የሚዳርጉ የዕለት ተዕለት ስህተቶች

«ጀሪካን ሳነሳ ቀጭ አለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያቺ ጀሪካን ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዋ ሰበብ ናት፤ በወገብ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠውን የዲስክ ለስላሳ እምብርት አቅፎ የያዘው ጠንካራ ቀለበት ቀስ በቀስ ሲሳሳና ሲሰነጠቅ ቆይቷል። በብዛት የሚጎዱት ከታች ያሉት ሁለት ዲስኮች ናቸው፦ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለውና ከ5ኛው ሥር ያለው።

ጀሪካንን ከሰውነት አርቆ ማንሳት፦ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። የጀርባ ጡንቻ የሚጎትተው ከዲስኩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ስለሆነ፣ ጀሪካኑ 40 ሳንቲ ሜትር ከራቀ 8 እጥፍ፣ ማለትም በ160 ኪሎ ጉልበት መጎተት ይኖርበታል። ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ዲስኩ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጀሪካኑን ወደ እግርዎ ያስጠጉ፤ እግርዎን ከፈት አድርገው ከጉልበትና ከዳሌ ዝቅ ይበሉ፤ ሆድዎን ወጠር አድርገው ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ያንሱ። ሲዞሩ በእግርዎ ይዙሩ፤ ጎንበስ እንዳሉ ወገብን መጠምዘዝ ቀለበቱን ክፉኛ ይጎዳዋል። ከተቻለ በ10 ሊትር ከፍለው በየእጅዎ አንድ አንድ ይያዙ።

ከአልጋ እንደተነሱ ሸክም፦ ዲስክ ሌሊት ውሃ መጥጦ ስለሚወጠር፣ ጠዋት ጎንበስ ሲሉ ጫናው ከቀኑ ይበልጣል። ውሃ ማለዳ መጣ ቢባልም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንቀሳቀሱ፤ እስከዚያው ባልዲ በጆግ ይሙሉ።

ጎንበስ ብሎ መዋል፦ ልብስ ሲያጥቡ ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ ያውጡት። ሸማኔም ሆነ ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ የሚመላለስ ባጃጅ ነጂ በየ30 ደቂቃው ተነስቶ ይንጠራራ፤ ወገቡ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርግ። ለነጂው የመንገዱ ንዝረትም ተጨማሪ ጉዳት ነው። ብዙ ተቀምጦ ወዲያው ጭነት ማውረድም አደገኛ ነው፤ ጅማቶቹ ላልተዋልና።

100 ኪሎ ኩንታል ለአንድ ሰው ማሸከም፦ ይህ የሠራተኛው ሳይሆን የአሠሪው ስህተት ነው። ቅዳሜ ገበያ እህል የምታወርዱ ነጋዴዎች በ50 ኪሎ አስሞሉ፣ ወይም ሁለት ሰው አሰልፉ።

ሲጋራ፦ ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡ የሚሰርግለት ከጎኑ ካሉት አጥንቶች ነው። ሲጋራ ያንን ያጓድላል። የሰውነት ክብደት መጨመርም ጫናውን ያበዛል። የእንቅልፍ እጦትና ጭንቀት ደግሞ የጀመረውን ሕመም ያከርሙታል፤ «ወገቤን ነው እንጂ ጭንቀት ምን አገናኘው» ብሎ መናቅ አይገባም።

ሕመም ሲጀምር ሳምንት ሙሉ መተኛት፦ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አልጋ ላይ መቆየት ጡንቻን ያሰንፋል። በደረጃ እየጨመሩ ሜዳ መንገድ ላይ ይራመዱ። የወጣ ዲስክ ነርቭን ሲጫን ወደ እግር የሚወርደው ሕመም በብዙዎች ላይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይቀላል።

ወገብን በወጌሻ ማስረገጥ፦ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ በፍጹም አይሞክሩት፤ የወጣው ዲስክ ነርቩን ይበልጥ ሊጫነው ይችላል። ሽንት አልወጣ ወይም አልቆጣጠር ካለ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ወይም የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ ካለ፣ በዚያው ቀን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለነገ ያሳደሩት ነርቭ ላያገግም ይችላል።