ለሁለት ወር ሥራ ስትላኩ፦ መጀመሪያ ምድጃው፣ ፖይንቱ ይደርሳል

መሥሪያ ቤታችሁ ለሁለት ወር ቴክሳስ ሂዱ ብሏችኋል እንበል። ዳላስ ወይ ሂውስተን። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚጠይቀው "ማሪዮት ይሻላል ሂልተን?" ነው። ለሦስት ቀን ጉዞ ጥያቄው ልክ ነው። ለ60 አዳር ግን ሆቴሉ ቤታችሁ ሊሆን ነውና መጀመሪያ ቤቱን ምረጡ፣ የፖይንት ፕሮግራሙ (ሆቴሉ ለከፈላችሁት የሚሰጣችሁ፣ በኋላ በነፃ አዳር የሚቀየር ነጥብ) ከዚያ በኋላ ይታያል። ለምን እንደሆነ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚከፍል አጣሩ። ሆቴሉን እናንተ ከፍላችሁ በደረሰኝ ይመለስላችኋል ወይስ ኩባንያው ራሱ ለሆቴሉ ይከፍላል? ምግቡስ በደረሰኝ ነው ወይስ ቁርጥ ያለ የውሎ አበል አለው? በራሳችሁ ካርድ የምትከፍሉ ከሆነ የሆቴሉም የካርዱም ፖይንት የእናንተ ነው። ችግሩ፣ ኩባንያው ገንዘቡን የሚመልሰው ከወር በኋላ ከሆነ የካርዱ ወለድ ፖይንቱን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ስለዚህ ሆቴሉ በየሁለት ሳምንቱ ቢል እንዲያወጣላችሁ ጠይቁና ወዲያው ወዲያው አስገቡ። ኩባንያው በቀጥታ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ፖይንቱ ለእናንተ መግባት አለመግባቱን ከመሄዳችሁ በፊት ሆቴሉን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለሠራተኞቹ በየቦታው የአበል ተመን ያወጣል፣ ብዙ የግል ድርጅቶችም እሱን ይከተላሉ። የራሱ ተመን ባልወጣለት ቦታ ለ2025 የበጀት ዓመት የተቀመጠው ለመኝታ 110 ዶላር፣ ለምግብና ለጥቃቅን ወጪ በቀን 68 ዶላር ነበር። ትልልቅ ከተሞች ከዚህ ከፍ ይላሉ። እኛ በዝቅተኛው እንሥራው። 60 አዳር በ110 ዶላር 6,600 ዶላር ነው።

ማሪዮት በአብዛኞቹ ሆቴሎቹ ለአንድ ዶላር 10 ፖይንት ይሰጣል። ኩሽና ባላቸው በሬዚደንስ ኢንና በታውንፕሌስ ስዊትስ ግን 5 ብቻ ነው። ሂልተንም በሆም ቱ ስዊትስ፣ አይኤችጂ የተባለው የሆቴል ኩባንያም በስቴይብሪጅና በካንድልውድ እንደዚሁ በግማሽ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ተራ የማሪዮት ሆቴል ውስጥ ብትቀመጡ 66,000 ፖይንት፣ ሬዚደንስ ኢን ብትገቡ 33,000 ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ያስደነግጣል አይደል? አንድ የማሪዮት ፖይንት ግን አንድ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በ0.7 ሳንቲም ብታስቡት ያ ሁሉ ልዩነት ወደ 230 ዶላር ነው።

በሌላ በኩል ምድጃ ያለው ክፍል ይዛችሁ፣ ሽሯችሁን እየሠራችሁ፣ አልፎ አልፎ ውጭ እየበላችሁ፣ በቀን 25 ዶላር ብታወጡ ከ68ቱ 43 ዶላር ይተርፋል። በ60 ቀን ከ2,500 ዶላር በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አበል ሙሉ ስለማይከፈል ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ገባችሁ። አበሉ ቁርጥ ካልሆነና በደረሰኝ ከሆነ የተረፈው የእናንተ አይደለም። ያኔም ቢሆን እኔ ምድጃውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ሁለት ወር ሙሉ በሳንድዊችና በሆቴል ሰላጣ የሚኖር ሐበሻ አላየሁም።

አንድ ለየት ያለ አለ፤ ኩሽና ያለው የሃያት ሆቴል፣ ሃያት ሃውስ። ሃያት በዶላር የሚሰጠው 5 ፖይንት ነው፣ ለሃያት ሃውስም አይቀንስም፣ ፖይንቱም ከሌሎቹ ይልቅ ዋጋ አለው። ጉድለቱ ሆቴሎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። ሥራችሁ አጠገብ ካለ ግን ብዙ አታስቡ።

ኩሽና አለ ሲባል ምን እንዳለ ጠይቁ። አንዳንዱ ቦታ ማይክሮዌቭና ትንሽ ፍሪጅ አስቀምጦ ኩሽና ይላል። የምትፈልጉት ሁለት ማብሰያ ያለው ስቶቭ፣ ትልቅ ፍሪጅ፣ ድስት፣ መጥበሻና የዕቃ ማጠቢያ ነው። ኦቨን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከስቶቩ በላይ ያለው ማራገቢያ በብዙ ቦታ አየሩን አጣርቶ መልሶ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚለቀው እንጂ ወደ ውጭ አያወጣም። ይሄ ለሐበሻ ወሳኝ ነገር ነው። ቁሌት ስታቁላሉ በዝግታ፣ መስኮት ከተከፈተ ከፍታችሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ማራገቢያ አብርታችሁ ይሁን። ቁሌቱን ቤት ሠርታችሁ አቀዝቅዛችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ እጅግ ይሻላል። ቡና መቁላት ግን በፍጹም! ጭሱ አላርሙን ያስጮኸዋል፣ ፎቁ ሁሉ ይወጣል፣ ሲጋራ አጭሳችኋል ብለው የጽዳት ቅጣት ሊጭኑባችሁም ይችላሉ። ተቆልቶ የተፈጨ ይዛችሁ ሂዱ። ጀበናም የምትወስዱ ከሆነ ስቶቩ ኢንዳክሽን (በማግኔት የሚያሞቅ) አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ሸክላ እሱ ላይ አይግልም።

ነፃ ቁርስ የሚባለውንም ለራሳችሁ መዝኑት። እንቁላል፣ ቋሊማ፣ እርጎ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ጉዟችሁ እሱ ላይ ከዋለና የምትጾሙ ከሆነ ከዚያ ሁሉ የሚተርፋችሁ ኦትሚልና ሙዝ ነው፣ ስለዚህ ለቁርስ ብላችሁ የአዳር ዋጋ አትጨምሩ። ረመዳን ላይ ከሆነ ደግሞ ለሱሑር በሩን የሚከፍት የለም፤ የራስ ፍሪጅና ስቶቭ ነው የሚያዋጣው።

ዋጋውን ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ አትወስኑ። ለሰባት አዳርና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ ደግሞ ለ30 አዳርና ከዚያ በላይ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፣ የሚሻለው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ስልክ ሲደወል ነው የሚገኘው። ወደ ዋናው 800 ቁጥር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆቴሉ፣ በሥራ ቀን፣ በቀን ሰዓት ደውሉና የሽያጭ ክፍሉን አገናኙኝ በሉ። ማታ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የለውም። "ለፕሮጀክት ነው የምመጣው፣ 60 አዳር ነው፣ ሁለት ሌላ ሆቴል ጠይቄያለሁ" በሏቸው። ከዚያ ሦስት ነገር አስረግጣችሁ ጠይቁ። ይሄ ዋጋ ፖይንትና (ለአባልነት ደረጃ) አዳር ያስቆጥራል? ፕሮጀክቱ ቀድሞ ቢያልቅና በ25ኛው ቀን ብወጣ ያለፈውን ሁሉ ወደ ውዱ ዋጋ መልሳችሁ ታሰላላችሁ? ፓርኪንግስ? መሃል ከተማ ከሆነ ፓርኪንግ ብቻውን በቀን 40 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፣ ዳር ያሉት ብዙዎቹ ግን ነፃ ናቸው። የተስማማችሁትን በኢሜይል አስልኩት።

ታክስ ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ይጥላል። ሂውስተን ውስጥ የሆቴል ታክስ ሁሉም ሲደመር 17 በመቶ ነው። በቴክሳስ ሕግ ግን 30 ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚቀመጥ ሰው ከዚህ ታክስ ነፃ ነው። 30 ቀንና ከዚያ በላይ እንደምትቆዩ ቀድማችሁ በጽሑፍ ካሳወቃችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አትከፍሉም። ካላሳወቃችሁ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀን ከፍላችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምትድኑት። በ110 ዶላር ክፍል ላይ ያ ከ500 ዶላር በላይ ነው። ሌላ ቦታ ሕጉ ይለያል፤ ኒውዮርክ ከተማ ለምሳሌ 180 ቀን ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት እየተመለሳችሁ፣ ክፍሉን እየለቀቃችሁ ሰኞ እንደገና የምትገቡ ከሆነ መከታተሉ ይቋረጣል፣ ነፃነቱም ይቀራል። ቅዳሜና እሁድን ባዶ ክፍል መክፈል ይሻላል ወይስ ታክሱን? ኩባንያው ለባዶ ክፍል የማይከፍል ከሆነ መልሱ ያው ነው፣ ሻንጣችሁን ሆቴሉ ዕቃ ቤት አስቀምጡና ሂዱ።

የሳምንቱ መመላለስ ስታተስንም (በአዳር ብዛት የሚሰጠውን የአባልነት ደረጃ) ይነካል። በማሪዮትም በሂልተንም አንድ ሆቴል ውስጥ ተከታታይ አዳር፣ መሃል ላይ ቢል ተዘግቶ አዲስ ቢከፈትም፣ የሚቆጠረው እንደ አንድ ቆይታ ነው። አዳሩ ግን ሁሉም ይቆጠራል። ስለዚህ እዚያው ለምትኖሩ ሰዎች የአዳሩን ቁጥር ነው ማየት ያለባችሁ። 60 አዳር ምን ያስገኛል? ማሪዮት ላይ ፕላቲነም 50 ይጠይቃል፣ ታልፉታላችሁ። ሃያት ላይ ከፍተኛው ደረጃ ግሎባሊስት ልክ 60 ነው። አይኤችጂ ላይ ፕላቲነም 40፣ ዳይመንድ 70። ሂልተን ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ጎልድን ከ40 ወደ 25 አዳር፣ ዳይመንድን ከ60 ወደ 50 አውርዶታል። አዳሩ የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነውና ሥራችሁ ኖቬምበር ላይ ተጀምሮ ጃንዋሪ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ለሁለት ዓመት ተከፍሎ በ60 አዳር ልትደርሱበት የነበረው ከፍተኛ ደረጃ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ኤክስፒዲያና ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ አትያዙ። አብዛኛውን ጊዜ ፖይንትም አዳርም አይቆጠርም፣ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ሆቴሉ ወደነሱ፣ እነሱ ወደ ሆቴሉ ይገፏችኋል። የኩባንያው የጉዞ ሲስተም ካስገደዳችሁ የአባልነት ቁጥራችሁን እዚያ ውስጥ አስገቡና ሆቴሉ ደርሶት እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ከተቻለ መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ብቻ በሚሰረዝ ዋጋ ያዙና ቦታውን እዩ። ቀሪውን ቆይታ በአካል ተነጋገሩ፤ የታክሱን ደብዳቤ ግን እንደ ደረሳችሁ ስጡ። ስትገቡ ሻንጣውን አልጋ ላይ ሳይሆን መታጠቢያ ቤት አስቀምጡና የአንሶላውን ጥግ ገልጣችሁ የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፣ ክፍል ቀይሩ ሳይሆን ሆቴል ቀይሩ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ ከሊፍትና ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የራቀ ክፍል ጠይቁ። የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ በአዲሱ ቅደም ተከተል አድርጉና "ባቡር"፣ "ጩኸት"፣ "ግንባታ" የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ካርታው ላይ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ያለበትንም እዩ። ዳላስ አካባቢ ከሆናችሁ ጋርላንድ በኩል አይጠፋም።

የተጠራቀመውን ፖይንት ብዙ ሰው አገር ቤት ሲሄድ ነው የሚያወጣው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸራተን በማሪዮት፣ መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሪጀንሲ በሃያት ይያዛሉ። ማሪዮት ላይ በፖይንት አምስት አዳር ስትይዙ የምትከፍሉት የአራቱን ነው፣ ሂልተንም ስታተስ ላለው አምስተኛውን ነፃ ያደርጋል። የማሪዮትን ፖይንት ወደ ዩናይትድ ማይል በሦስት ለአንድ መቀየርም ይቻላል። በዚያ ማይል የኢትዮጵያ አየር መንገድን የዳላስ ኤርፖርት በረራ (ቨርጂኒያ ያለውን፣ ቴክሳሱን አይደለም) መያዝ ይቻላል። ቅያሬው ኪሳራ አለበትና ለቲኬቱ ትንሽ ማይል ሲጎድላችሁ ብቻ አድርጉት።

የመጨረሻውን ቢል ሳትይዙ አትውጡ። ፖይንቱ በሳምንት በአሥር ቀን ካልገባ በመተግበሪያው ላይ የጎደለ ቆይታ ብላችሁ ስታመለክቱ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።