የቃላት መፍቻው ሲያሳስት፦ የዳታቤዝ ሰነድ ቃላት ችግርና መፍትሄ

ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር እስከ 9.6 እትም ድረስ በዳታ ማውጫው ውስጥ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚባል ፎልደር ነበረው። በውስጡ የሚቀመጠው የራይት አሄድ ሎግ ነው፤ ማንኛውም ለውጥ የሰንጠረዡ ፋይል ላይ ከመድረሱ በፊት የሚጻፍበት፣ ሰርቨሩ ድንገት ቢወድቅ ዳታቤዙ መልሶ የሚነሳበት መዝገብ። ዲስክ ሲሞላባቸው ግን «ሎግ» የሚለውን ስም ብቻ አይተው፣ እንደ ማንኛውም አሮጌ የሎግ ፋይል ቆጥረው በእጃቸው የሰረዙት ሰዎች ነበሩ። መረጃቸው ላይመለስ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው እትም ፎልደሩ «ፒጂ ዋል» ተባለ፤ ሥራዎች መፈጸም አለመፈጸማቸው የሚመዘገብበት «ፒጂ ክሎግ» የሚባለው ፎልደርም «ፒጂ ኤክስአክት» ሆነ። ከእትሙ ጋር የወጣው ማስታወሻ የስም ለውጡ ምክንያት ይኸው መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል።

የቃላት መፍቻ የሚያጠራ ሰው ይህን ታሪክ ከአጠገቡ ማራቅ የለበትም። የዳታቤዝ ሰነድ አንባቢ ፍቺውን አንብቦ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ፋይል ያንቀሳቅሳል፣ ሰርቨር ያስነሳል። ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች ሁሉ የማየው በዚህ ዓይን ነው፦ ፍቺው አንባቢውን ማሽኑ ፊት ምን ያስደርገዋል? ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከፖስትግሬስ ነው። ሰነዱ በጥራቱ የታወቀ ሆኖ ሳለ ራሱን የቻለ የቃላት መፍቻ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 13ኛው እትም ነው።

ምልክት፦ «መረጃዬ ሞቷል» የሚል ጥያቄ ይመጣል

አዲስ የዳታቤዝ ባለሙያ «ፒጂ ስታት ዩዘር ቴብልስ» የተባለውን የክትትል እይታ ይከፍታል። «ኤን ዴድ ታፕ» በሚለው ዓምድ ሥር ትልቅ ቁጥር ተቀምጧል። የመሥሪያ ቤቱን የቃላት መፍቻ ሲገልጥ «ታፕል፦ ረድፍ ማለት ነው» የሚል ያገኛል። እንግዲህ የሞቱ ታፕሎች የሞቱ ረድፎች ናቸው፤ ረድፎች ከሞቱ መረጃ ጠፍቷል ማለት ነው። ሰውየው ባክአፕ ፍለጋ ይሮጣል። አስተሳሰቡ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ የተሳሳተው ፍቺው ነው።

ምክንያቱን ለማየት ባዶ ሰንጠረዥ ፈጥሮ አንድ ረድፍ ማስገባት ይበቃል። ከተራዎቹ ዓምዶች ጋር «ሲቲአይዲ» የተባለውን ስውር ዓምድ ጨምራችሁ ጠይቁ፤ (0,1) ይላችኋል፤ ገጽ 0፣ ቦታ 1 ማለት ነው። አሁን ያንኑ ረድፍ በአፕዴት ቀይሩና እንደገና ጠይቁ። ሲቲአይዲው (0,2) ሆኗል። ፖስትግሬስ የቀድሞውን አልደለዘውም፤ አጠገቡ አዲስ ስሪት ጻፈ። የቀድሞው ስሪት ሊያየው የሚችል ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ የሚፈጸም የትእዛዞች ስብስብ) እስካለ ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ማንም የማያየው ሲሆን «የሞተ» ይባላል፤ ከዚያ ቫክዩም የተባለው የጽዳት ሥራ መጥቶ ቦታውን ለአዲስ ጽሑፍ ያስለቅቀዋል። እናንተ የምታዩት ረድፍ አንድ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያሉት ታፕሎች ሁለት ናቸው።

መፍትሄው ሁለቱን ቃላት መለየትና ሦስተኛ መጨመር ነው፦

«ረድፍ፦ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ዋጋ የያዘ፣ ተጠቃሚው በመጠይቅ የሚያገኘው የመረጃ ስብስብ።»

«ታፕል፦ ሰንጠረዥ ውስጥ ሲሆን፣ በዲስክ ላይ የተቀመጠ የአንድ ረድፍ አንድ ስሪት። አንድ ረድፍ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ታፕል ሊኖረው ይችላል።»

«የሞተ ታፕል፦ ከአፕዴት፣ ከዲሊት ወይም ከተሻረ ትራንዛክሽን የቀረ፣ ማንም ትራንዛክሽን የማያየው ስሪት። መኖሩ የመረጃ መጥፋት ምልክት አይደለም፤ ቫክዩም ያስለቅቀዋል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር «ይህ ምክር እንጂ ፍቺ አይደለም» ብለው የሚያወጡ አርታኢዎች አሉ። እኔ ባለበት እንዲቆይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ሰው ወደዚህ ቃል የሚመጣው ደንግጦ ነው፤ የደነገጠ ሰው ሌላ ገጽ እስኪከፍት አይጠብቅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ መደናገር አለ። «ቫክዩም ቦታ ያስለቅቃል» ብቻ ከተባለ አንባቢው ዲስኩ ነፃ እንዲሆን ይጠብቃል፤ ካልሆነለት ቫክዩም ፉል ወደሚለው ይሄዳል። ተራው ቫክዩም በአብዛኛው ቦታውን ለዚያው ሰንጠረዥ ነው የሚያስቀረው። ቫክዩም ፉል ደግሞ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ እስኪጨርስም በሰንጠረዡ ላይ ማንበብን ጨምሮ ሁሉንም ሥራ ይቆልፋል። በሥራ ሰዓት የሚሸጥ ሱቅ ዳታቤዝ ላይ ይህን ማስኬድ ማለት ሱቁን መዝጋት ነው። ሁለቱ በአንድ ፍቺ ሥር መዋል የለባቸውም።

ምልክት፦ ሁለት ቡድኖች በአንድ ቃል ተስማምተው የተለያየ ሥራ ሠርተው ይመጣሉ

ስብሰባ ላይ «አንድ ክላስተር ይዘጋጅ» ተባለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ባለሙያ በአንድ ማሽን ላይ ኢኒትዲቢ የተባለውን፣ አዲስ የዳታ ማውጫ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አስኬደና ጨረሰ። ሌላው ሦስት ሰርቨር ጠየቀ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። በፖስትግሬስ ቋንቋ የዳታቤዝ ክላስተር ማለት በአንድ የዳታ ማውጫ ሥር ተቀምጠው በአንድ ኢንስታንስ (አብረው በሚሠሩ ፕሮሰሶች ስብስብ) የሚተዳደሩ ዳታቤዞች ስብስብ ነው፤ አንድ ማሽን ይበቃዋል። በሌላው የኮምፒውተር ዓለም ግን ክላስተር አብረው የሚሠሩ ብዙ ማሽኖች ናቸው። በዚያ ላይ ክላስተር የሚባል ትእዛዝም አለ፤ ሥራው የሰንጠረዥን ረድፎች በኢንዴክስ ቅደም ተከተል መደርደር ነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ብቻውን የቆመውን ቃል ከመፍቻው ማውጣት ነው። «የዳታቤዝ ክላስተር» ይግባ፤ «የክላስተር ትእዛዝ» ለብቻው ይግባ፤ የብዙ ማሽኖቹን ደግሞ «የሰርቨሮች ስብስብ» በሉት። ሰው ቃሉን ብቻውን ቢፈልገው «ከሚከተሉት የትኛውን ነው?» ብሎ የሚጠቁም አንድ መስመር ይኑር። ሴግመንትም እንዲሁ ነው፤ የሰንጠረዥ ፋይል በመደበኛ ግንባታ 1 ጊጋባይት ሲደርስ የሚከፈልበት ቁራጭ አለ፣ የራይት አሄድ ሎግ ፋይልም አለ። ስኪማ ማይኤስኪውኤል ከተባለው ሌላ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ለመጡ ሰዎች ራሱ ዳታቤዙ ነው፤ ፖስትግሬስ ውስጥ ግን በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ያለ የስሞች ክልል ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ከሌላ ምርት ጋር ከሆነ ፍቺውን መክፈል አያስፈልግም፤ «በማይኤስኪውኤል ይህ ቃል ዳታቤዝ ማለት ነው» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች።

አናላይዝ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከፋ ነው። አንባቢው «አናላይዝ፦ ለመጠይቅ ዕቅድ የሚያገለግል ስታቲስቲክስ መሰብሰብ» የሚል ፍቺ ያነባል። ጉዳት የሌለው ሥራ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ትክክልም ነው። ከዚያ አንድ የዲሊት ትእዛዝ ለምን እንደዘገየ ለማወቅ ከፊቱ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ይጨምርበታል። ኤክስፕሌን ብቻውን ዕቅዱን ያሳያል እንጂ አያስኬደውም። አናላይዝ ሲጨመርበት ግን ትእዛዙ በእርግጥ ይሠራል፤ ረድፎቹ ይሰረዛሉ። ስለዚህ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» የራሱ ፍቺ ይገባዋል፤ «ትእዛዙን ያስኬደዋል» የሚለው ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀመጥ። መረጃ የሚለውጥ ትእዛዝ ከሆነ ቢጊን ብሎ ጀምሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ በሮልባክ መመለስ እንደሚቻልም ይጠቀስ።

ምልክት፦ ፍቺው ወደ ሌላ ፍቺ ይልካል፣ ያኛው ደግሞ መልሶ ይልካል

«ሰርቨር፦ ኢንስታንስን ተመልከት። ኢንስታንስ፦ እየሠራ ያለ ሰርቨር።» አንባቢው ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ጸሐፊው ሁሉንም ቃላት አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው። ወረቀት ላይ ቃላቱን ጽፋችሁ ከፍቺው ወደሚጠቅሰው ቃል ቀስት አስምሩ፤ ቀስቱ ተመልሶ ከመጣ ክቡ እዚያ ነው።

ክቡ የሚሰበረው ትርጉም የማይጠይቁ ቃላት ላይ ሲቆሙ ነው፤ ማሽን፣ ፋይል፣ ፕሮሰስ፣ ሜሞሪ። ኢንስታንስ ማለት በአንድ የጋራ ሜሞሪ የሚገናኙ፣ አንድ የዳታቤዝ ክላስተርን የሚያስተዳድሩ ፕሮሰሶች ስብስብ ነው። ፖስትማስተር ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳውና ሌሎቹን የሚያስነሳው ፕሮሰስ ነው። ባክኤንድ አንድ ደንበኛ ሲገናኝ እሱን ለማስተናገድ የሚነሳው ነው። ሆስት ማሽኑ ነው፤ አካላዊም ይሁን ቨርቹዋል። ፖርታቸው እስካልተጋጨ ድረስ በአንድ ሆስት ላይ ብዙ ኢንስታንሶች ሊሠሩ ይችላሉ።

ይህ ከተለየ «ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረግ» የሚል መመሪያ ሰነዱ ውስጥ መኖር የለበትም። አንዱ ኢንስታንሱን ያስነሳል፣ ሌላው ማሽኑን በሙሉ ያጠፋዋል፤ በማሽኑ ላይ ሌሎች ሦስት ኢንስታንሶች ካሉ እነሱም አብረው ይወድቃሉ።

ምልክት፦ አምና ትክክል የነበረ ፍቺ ዘንድሮ ያሳስታል

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቁጥር ነው። «የራይት አሄድ ሎግ ሴግመንት፦ 16 ሜጋባይት ፋይል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ11ኛው እትም ጀምሮ መጠኑን ኢኒትዲቢ ሲካሄድ መምረጥ ስለሚቻል ፍቺው እያንዳንዱን ተከላ አይመለከትም። «መጠኑ በመደበኛ ቅንብር 16 ሜጋባይት የሆነ» በሉ፤ የቀረውን የቅንብር ገጹ ይናገር።

ስም ሲቀየር ደግሞ አሮጌውን አትሰርዙ። በየቦታው ያሉ አሮጌ ስክሪፕቶች ዛሬም «ፒጂ ኤክስሎግ» ይላሉ፤ ያንን አይቶ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። አሮጌው ስም «ከ10ኛው እትም ጀምሮ ፒጂ ዋል» ብሎ ይጠቁም፤ ከሥሩም «በእጅ አይሰረዝም» ይባል።

ምልክት፦ ቃሉ በአማርኛው መፍቻ ውስጥ አለ፣ ፍለጋው ግን አያገኘውም

ሰነዱ በአማርኛ ሲሆን የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ጸሐፊ «ሰንጠረዥ»፣ ሌላው «ሠንጠረዥ» ይጽፋል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሰ እና ሠ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ዝርዝሩ በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ከተደረደረ ደግሞ ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ከረ በኋላ ስለሚመጡ፣ ያው ቃል «ረድፍ»ን መሃል አስገብቶ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። «ዓምድ» እና «አምድ» ላይም ይኸው ነው። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ በማንኛውም ምክንያት ይሁን፣ ግን ጻፉትና ሁሉም ይከተለው። የቀሩትን አጻጻፎች ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግሉ ጠቋሚዎች አድርጓቸው።

ከዚህ ይበልጥ የሚሰወር ሌላም አለ። መፍቻው ውስጥ ያለው ቃል በሰነዱ ውስጥ በትክክል ጥቅም ላይ መዋሉን በፍለጋ ስታረጋግጡ «ረድፍ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ረድፎች»ንም «ረድፉ»ንም አታገኙም፤ አናባቢው ከመጨረሻው ፊደል ጋር ስለሚዋሃድ ፍ ራሱ ተለውጦ ፎ ወይም ፉ ሆኗል። ፍለጋው «ምንም ችግር የለም» ይላል፣ ግማሹ ሰነድ ግን አልታየም። የመጨረሻውን ፊደል ትታችሁ ፈልጉ፤ አጭር ቃል ሆኖ የማይገናኝ ነገር ብዙ ካመጣ ደግሞ ነጠላውን፣ ብዙውንና የታወቀውን ቅርጽ ዘርዝራችሁ ፈልጉ።

ሁሉም ታርሞ ሲያልቅ የሚደረግ ፍተሻ

የፖስትግሬስ ሰነድ ዶክቡክ በተባለ የቴክኒክ ሰነድ መጻፊያ ቅርጸት የተጻፈ ነው፤ ወደሌለ መለያ የሚያመለክት ማያያዣ ካለ ሰነዱ ሲገነባ ስህተት ያወጣል። የራሳችሁም እንዲህ እንዲሠራ አድርጉ። ይህ ግን የሚይዘው የጎደለ ማያያዣን ነው፤ የተሳሳተ ፍቺን አይይዝም። ለእሱ ሰው ያስፈልጋል። ፍቺዎቹን ያልጻፈ አንድ ባልደረባ ጠርታችሁ፣ ከመፍቻው ሌላ ምንም ሳታሳዩት ጠይቁት፦ ዲስኩ ሞልቷል፣ ከዳታ ማውጫው ምን ትሰርዛለህ? የሞቱ ታፕሎች በዝተዋል፣ ምን ታስኬዳለህ? ዲሊቱ ለምን ዘገየ፣ እንዴት ታያለህ? መልሱን ሲጽፍ የትኛውን ቃል ገልጦ እንዳነበበ አብራችሁ መዝግቡ፤ የተሳሳተበት መልስ ካለ እርማቱ ከዚያ ቃል ይጀምራል።