የመድረክ ሄዝ ማሽን በርካሽ ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

ማለዳ ማዕድ ቤት ውስጥ ከሰል ሲቀጣጠል በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ጨረር ያየ ሰው ሄዝ፣ ማለትም መድረክ ላይ የሚለቀቀው ስስ ጭስ፣ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ጨረሩ ድሮም እዚያው ነበር። ጭሱ ባይኖር ግን መሬት ላይ ያረፈችውን የብርሃን ጠብታ እንጂ የመጣችበትን መንገድ አናይም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዕጣን ሲታጠን በመስኮት የገባው ብርሃን እንደ ነጠላ ተዘርግቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። መድረክ ላይ ያለ ሙቪንግ ሄድም (ወዲያ ወዲህ የሚዞረው የመድረክ መብራት) ከዚህ አይለይም። አየሩ ባዶ ከሆነ ያን ሁሉ ብር የወጣበት መብራት ግድግዳ ላይ ክብ ከመሣል አያልፍም።

እንዲህም ሆኖ ሄዝ ማሽን ሁልጊዜ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ስክሪኑ፣ ሳውንዱና መብራቱ ተገዝተው ሲያበቁ “በቀረችው ብር ጭስ ነገር እንያዝ” ይባላል። በቀረችው ብር ደህና ዕቃ መግዛት ይቻላል፤ ምን እንደሚገዙ ካወቁ። ከታች ያሉትን ስህተቶች ግማሹን በሌሎች ላይ አይቻለሁ፣ ግማሹን ራሴ ሠርቻለሁ።

ፎግ ማሽንን “ሄዝ ነው” ብሎ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እኛ ሁሉንም “ጭስ ማሽን” ስለምንለው ሻጩም ገዢውም ይምታታባቸዋል።

ፎግ ማሽን ውሃና ግላይኮል የሚባል ኬሚካል የተቀላቀለበትን ፈሳሽ በጋለ ብረት ውስጥ ገፍቶ ወፍራም ነጭ ጭስ ቡፍ ያደርጋል። ከዚያ ያርፋል፤ እንደገና እስኪግል ይጠብቃል። መድረክ ላይ ሲሆን ዘፋኙ በመጀመሪያው ስንኝ ጭስ ውስጥ ይጠፋል፣ በሁለተኛው ብቅ ይላል፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጭሱም ጨረሩም የለም። ለሙሽራ አገባብ ወይም ለጭፈራ ቤት ደስ ይላል። ለመድረክ መብራት ግን አይሆንም።

ሙሽሮች “ደመና ላይ” የሚደንሱበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ድራይ አይስ፣ ማለትም ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ቀዝቃዛ ጭጋግ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። መብራቱ ከላይ፣ ጭጋጉ ከጉልበት በታች፤ አይገናኙም።

ሄዘር፣ ማለትም ሄዝ ማሽን፣ ደቃቅ ብናኝ ሳያቋርጥ እየለቀቀ አየሩ ላይ ያንሳፍፋል። በደንብ የተሠራ ሄዝ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ተመልካቹ ጭስ መኖሩን ልብ አይልም፤ መብራቱ ያማረ ብቻ ነው የሚመስለው። ከሄዘሮች በዘይት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያ የለውም። ኮምፕረሰሩ አየር በማዕድን ዘይት ውስጥ አስገድዶ ያሳልፍና ዘይቱን ይበታትነዋል። በፊልም ሥራ ስሙ የገነነው ዲኤፍ-50 የዚህ ዓይነት ነው። በውሃ የሚሠራው ፈሳሹን አሙቆ በፋን ይበትናል።

በፎግ ማሽንና በሄዘር መሃል ፌዘር የሚባል አለ። በአሠራሩ ፎግ ማሽን ነው፤ ግን ጭሱን በትንሽ በትንሹ ይለቅቅና በፋን ያሳሳዋል። የታይዋኑ ኩባንያ አንታሪ ዜድ-350 የተባለውን ማሽኑን ራሱ ፌዘር ብሎ ነው የሚጠራው። ብዙ ሻጮች ግን ሁሉንም ሄዘር ብለው ይሸጣሉ። በርካሽ ዋጋ “ሄዘር” ከተባላችሁ የምታገኙት በአብዛኛው ፌዘር ነው። እኔ ፌዘርን አልንቅም፤ ለትንሽ አዳራሽ፣ ለዝማሬና ለኮንሰርት ይበቃል። ፌዘር መሆኑን አውቆ መግዛት ነው እንጂ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሻጩ ሪሞቱን ይጫናል፣ ጠባቡ ሱቅ በጭስ ይሞላል፣ “አየኸው አይደል?” ይላል። ያየነው ብዛቱን ነው፤ ብዛት ደግሞ ከሄዝ የምንፈልገው የመጨረሻው ነገር ነው። ማሽኑን ዝቅተኛው መጠን ላይ አድርጉት። አንድ መብራት በቀጭኑ አብሩና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ጨረሩ እኩል ሆኖ ከቆየ ጥሩ ነው። እየደመቀ እየጠፋ የሚተነፍስ ከሆነ፣ መድረክ ላይም እንደዚያው ይተነፍሳል። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ካልሰጣችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ማሽኑን ገዝቶ ፈሳሹን መርሳት

ማሽን አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ፈሳሽ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ልክ እንደ ፕሪንተርና ቀለሙ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ነው?” ሳይሆን “ፈሳሹ እዚህ አገር ይገኛል ወይ? አንድ ሊትሩ ስንት ሰዓት ይሄዳል?” መሆን አለበት። ዋጋው ረከስ ብሎ በሰዓት ሊትር የሚጨርስ ማሽን፣ በየሳምንቱ ፕሮግራም ላለው ቦታ በጥቂት ወራት ከውዱ ይብሳል። ጋኑ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በፕሮግራሙ መሃል አንድ ሰው ጄሪካን ይዞ መድረክ ላይ ይንበረከካል።

ዘይቱን ለዘይት ማሽን፣ የውሃውን ለውሃ ማሽን ብቻ። የዘይት ፈሳሽ የሚሞቅ ማሽን ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ከመበላሸቱም በላይ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የፎግ ፈሳሽ ሄዘር ውስጥ ቢገባም፣ ሁለቱም የውሃ ቢሆኑ እንኳ፣ ጭሱ ይወፍራል ወይም ማሞቂያው ይደፈናል። ማሽኑ የሚቀበለው መመሪያው ላይ የተጻፈውን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። ፈሳሹ ጠፍቶ በተወደደበት ጊዜ ግሊሰሪን ገዝቼ በቧንቧ ውሃ በጥብጬ ጨመርኩ። ሁለት ሳምንት ሠራ፤ እኔም ብልህነቴን ለጓደኞቼ አወራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ማንኮራፋት ጀመረ። ቀጥሎ ከአፉ ጭስ ሳይሆን ትኩስ ጠብታ እየተፋ ከአጠገቡ የነበረውን ከበሮ መቺ አስደነበረው። ስፈታው ፈሳሹ የሚያልፍባት ቀጭን ቱቦ ብዙ ዓመት ያገለገለ ማንቆርቆሪያ መስላ በነጭ ቅርፊት ተደፍናለች። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል።

መደፈኑስ የብር ጉዳይ ነው፤ የባሰም አለ። ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል አክሮሊን የሚባል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አንቱፍሪዝም “ግላይኮል አይደል?” ተብሎ ሲጨመር ሰምቻለሁ። ግላይኮል ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ መርዛማው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ለጭስ የሚሆኑት እንደ ፕሮፒሊንና ትራይኤቲሊን ግላይኮል ያሉት ናቸው። አንቱፍሪዝን በሰው በተሞላ አዳራሽ አሙቆ መርጨት ወንጀል ነው ብል አላጋነንኩም።

በውሃ የሚሠራውን ማሽን ለማጽዳት ብዙ አምራቾች የሚመክሩት 80 በመቶ የተጣራ ውሃና 20 በመቶ ነጭ ኮምጣጤ ነው። ሌላ ነገር የሚያዙም ስላሉ መመሪያውን አስቀድሙ። የተጣራው ውሃ ለመኪና ባትሪ ከሚሸጥበት ይገኛል። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ስለሚቀመጥ ጽሑፉን ሁለቴ አንብቡ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣን ማሽን እንዳለ መሰካት

ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ሲመጣ ማሽን ማስያዝ የተለመደ ነው፤ ዋጋውም ያጓጓል። ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ)፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ 400 ዋት ማሞቂያ 220 ላይ ሲሰካ በቅጽበት ወደ 1,340 ዋት ይስባል። ፊውዙ ቶሎ ከሞተላችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

“ትራንስፎርመር አለኝ” የሚለውም ግማሽ መልስ ነው። ከማሽኑ ዋት በደንብ የሚበልጥ ካልሆነ ራሱ ይግላል። ከዚህም ሌላ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ርካሽ ማሽኖች ውስጥ ያለው ትንሽ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው በመብራቱ ኸርዝ ልክ ነው፤ ለ60 የተሠራው በ50 ዘገም ይላል፣ የሚገፋውም ፈሳሽ ይለወጣል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ በኩል ሰላም ነው። ከአሜሪካ ማስመጣት ግድ ከሆነ ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ፎቶ አስነስታችሁ ሳታዩ “ግዛልኝ” አትበሉ።

ከዚሁ ሳንወጣ፦ ማሞቂያ ያለው ማሽን ዝም ብሎ አይስብም፣ እየቆየ ድንገት ይስባል። ከሚክሰሩ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩት። የመብራት ማደብዘዣ (ዲመር) ላይማ በፍጹም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

“በደቂቃ ይህን ያህል ሺህ ኪዩቢክ ፊት” የሚል ቁጥር ሁሉም ላይ አለ። ሁሉም አምራች የሚለካበት አንድ የጋራ መንገድ ስለሌለ፣ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር የሁለት ሰፈር እንጀራ በምጣድ ብዛት እንደማወዳደር ነው። የፈሳሽ ፍጆታውን፣ ሳያርፍ ምን ያህል እንደሚሠራና ፋኑ ለብቻው ይቆጣጠሩት እንደሆነ ጠይቁ። ዲኤምኤክስ (የመድረክ ዕቃዎችን ከመብራት መቆጣጠሪያው ላይ የሚያዙበት መስመር) ካለው ጭሱና ፋኑ በየራሳቸው ቻናል ቢሆኑ ይመረጣል።

ቦታውን ሳያዩ መግዛት

ሄዝ ጣሪያና ግድግዳ ይፈልጋል። ጎኑ ክፍት በሆነ የሠርግ ድንኳን ወይም ሜዳ ላይ በተሠራ መድረክ ትንሽ ሄዘር አቁሞ ጨረር መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ነፋሱ በአንድ ትንፋሽ ይወስደዋል። ለውጭ ፕሮግራም ትልልቅ ፎግ ማሽኖችን ከነፋሱ መነሻ በኩል ደርድሮ መሥራት ይሻላል፤ እሱም ነፋሱ ከፈቀደ።

አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የአየር ማውጫው ሥር ያስቀመጡት ማሽን ሄዙን ለጣሪያው ይገብራል። ከመድረኩ ኋላ በጎን በኩል፣ ትንሽ ፋን ደግፎት፣ በሩ ከመከፈቱ ሰላሳ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ቢነሳ በዝቅተኛ መጠን አየሩን ይሞላል። ብዙ ሰው ግን ፕሮግራሙ ሲጀመር ያበራውና አልታይ ሲለው መጠኑን ይጨምራል፤ ከዚያ ሰው ያስላል፣ ከዚያ “ጭሱን አጥፉት” ይባላል።

አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይህን ሁሉ በትክክል አድርጌ፣ ጣሪያው ላይ ያለችውን ነጭ ክብ ነገር ረስቼ ነበር። በብርሃን የሚሠራ የጭስ ጠቋሚ ሄዝን ከእሳት ጭስ አይለይም። ሦስተኛው ንግግር ላይ ሕንፃው ሁሉ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማናግረው የሕንፃውን ኃላፊ ነው። ጠቋሚውን በላስቲክ ሸፍኖ ዝም ማለት ግን መፍትሔ አይደለም። የሚያጠፋው ኃላፊው ነው፤ እሱም እሳት የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነው።

የሚተነፍሰውን ሰው መርሳት

ግላይኮል እርጥበት ይስባል፤ ዘማሪዎች “ጉሮሮዬ ደረቀ” ሲሉ ሰበብ እየፈለጉ አይደለም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ በሁሉም አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለብሮድዌይ ተዋንያንና ለቲያትር ባለቤቶች ማኅበራት የተሠራ ጥናት ግላይኮሉ በማንኛውም ቅጽበት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ40 ሚሊግራም፣ የማዕድን ዘይቱ ከ25 ሚሊግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ማናችንም ይህን የሚለካ መሣሪያ የለንም። የእኔ መለኪያ የኋላ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ሆኜ የዘፋኙ ፊት ከደበዘዘብኝ በዝቷል። የማሽኑ አፍም ወደ ሰው ፊት አይዞርም።

ዘይት ሄዝ አየር ላይ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ፈሳሽ ይቆጥባል። ግን መጨረሻው የሆነ ቦታ ላይ ማረፍ ነው፦ በካሜራ ሌንስ፣ በመብራት መስታወት፣ በወለል ላይ። ፕሮግራሙን በቀጥታ የሚያስተላልፍ ቤት ካሜራማኑን ሳያማክር ዘይት ባይገዛ ጥሩ ነው።

ድምፁን አለማዳመጥ

ባንድ ሲጫወት ኮምፕረሰር ማን ይሰማል! ቲያትር ላይ ግን ተዋናይዋ ዝም ባለችበት ቅጽበት ፓምፑ “ጥርርር” ካለ ያ ትዕይንት አለቀ። ለንግግርና ለቲያትር ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሙዚቃውን አስጠፍታችሁ ስሙት።

ያገለገለውን በፎቶ መግዛት

ያገለገለ ማሽን ብዙ ጊዜ ጥሩ ዕድል ነው፤ ሰው የሚሸጠው ስላልገባው ነውና። ግን ሄዳችሁ ከቀዝቃዛ አስነሱት። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ አጥፉትና እስኪበርድ ቡና ጠጡ። ጋኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የተቃጠለ ስኳር ከሸተታችሁ ውስጡ አርሯል። ከዚያ አፉ ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፉና ሃያ ደቂቃ አሠሩት። ሶፍቱ ትንሽ ቢረጥብ ችግር የለውም። ቡናማ ነጥብ ካረፈበት ግን ሶፍቱን ለሻጩ አሳዩትና ዋጋውን እንደገና ተነጋገሩ፣ ወይም ተሰናበቱት።