«ቀላል ነገር እኮ ነው» ሲባል ባለሙያዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ኔትወርክ የሚዘረጋ ወይም ሳይት ላይ የሚውል ሰው ይህችን ንግግር ያውቃታል፦ «ቀላል ነገር እኮ ነው፣ ለነገ ይድረስልኝ።» ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ከበላይ ቀን ተቆርጦበታል፣ ደንበኛ ይጨቀጭቀዋል። የሥራውን ውስጥ አያውቅም፤ የማወቅ ግዴታም የለበትም። እኛ የተቀጠርነው ለዚያ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነሳው የጠያቂዎቹን ጥፋት ሳይሆን እኛ ባለሙያዎቹ መልስ ስንሰጥ የምንስተውን ነው።

ስብሰባ ላይ «እንሞክራለን» ብሎ መውጣት

ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ይሄኛው ይመስለኛል። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ሲጠይቁ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። «እንሞክራለን» እንልና ኮሪደር ላይ ስንደርስ «ይሄማ የማይሆን ነው» እንባባላለን። እሳቸው ግን ይደርሳል ብለው ነው የወጡት። ለደንበኛ ቃል ይገባሉ፣ ማስታወቂያ ያስነግራሉ። ቀኑ ሲያልፍ ውሸታም የምንባለው እኛ ነን። እዚያው መልስ መስጠት ካልተቻለ «ልየውና ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ቁርጡን እነግርዎታለሁ» ማለት ነውር የለውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን መልሱ መሰጠት አለበት።

«አይቻልም» ብሎ በሩን መዝጋት

ሌሎቻችን ደግሞ ጥያቄው ሳያልቅ አንገታችንን እንነቀንቃለን። በቴክኒክ ሥራ ፈጽሞ የማይቻል ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው የጊዜና የብር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ «ሲስተሙ አንድም ደቂቃ እንዳይቆም» ሲባል መሳቅም መቆጣትም አያስፈልግም፤ ቁጥር ማስቀመጥ ነው። ሲስተሙ 99.9 በመቶ ይሠራል ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። 99.99 በመቶ ከሆነ ወደ 52 ደቂቃ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሄድ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ተጨማሪ ሰርቨር፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር፣ አስተማማኝ ጄኔሬተርና ሌሊት ተረኛ ይፈልጋል። የሁለቱንም ዋጋ ጽፋችሁ አቅርቡላቸው። ምርጫው የእነሱ ይሁን፤ ብሩም የእነሱ ነውና።

ከበተኗ ጀርባ ያለውን አለማሳየት

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ዌብሳይታችን ላይ በቴሌብር ክፈሉ የምትል አንዲት በተን ጨምርልኝ።» ከውጭ ሲታይ እውነትም አንዲት በተን ናት። እዚህ ላይ ስህተታችን ኤፒአይ፣ ቶክን፣ ኮልባክ እያልን ማውራታችን ነው። ሰውየው የሚሰማው ሰበብ ስንደረድር ብቻ ነው።

ከዚያ ይልቅ ወረቀት አውጥቶ አብሮ መሄድ ይሻላል። ደንበኛው በተኗን ነካ፣ ከፈለ፣ ብሩ ከሒሳቡ ወጣ። «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት ወደ እኛ ሲመጣ ግን ኔትወርክ ተቋረጠ። አሁን ደንበኛው ስልክ ላይ ብሩ ተቆርጧል፣ እኛ ጋ ትዕዛዙ «አልተከፈለም» ይላል። ተበሳጭቶ ድጋሚ ይከፍላል። ትርፉን ብር ማን ይመልስለታል? በስንት ቀን? እሑድ ቢደውል ማን ያነሳል? በሌላ በኩል ያው መልእክት ሁለቴ ሊመጣ ይችላል፤ ሲስተሙ ካልተዘጋጀ በአንድ ክፍያ ሁለት ዕቃ ይላካል። ማታ ማታ ደግሞ የእኛ መዝገብና የክፍያው መዝገብ መመሳከር አለበት።

ይህን በዚህ መልክ ስታስረዱ የፋይናንስ ክፍል ሰዎች ቀድመው ይገባቸዋል፤ ሒሳብ ማስታረቅ የዕለት ሥራቸው ነው። የማርኬቲንጉ ባልደረባም «እንዲያማ ከሆነ መጀመሪያ በጥቂት ደንበኞች እንሞክረው» ማለት ይጀምራል። ጥያቄው አልተሰረዘም፤ መጠኑን ያዘ እንጂ።

ለምን እንደተፈለገ አለመጠየቅ

«ሪፖርቱ ሁሉ በኢትዮጵያ ቀን ይሁንልኝ» ተባለ እንበል። አንዱ ባለሙያ ያለምንም ጥያቄ ሥራውን ይጀምራል፣ ሌላው ሦስት ወር ይፈጃል ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ማን እንደሚያነበው አልጠየቁም። ምናልባት የተፈለገው ለአንድ መሥሪያ ቤት በሚላክ አንድ ገጽ ላይ ቀኑ ተቀይሮ እንዲታተም ብቻ ይሆናል። ያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የወር ሽያጭ በኢትዮጵያ ወር ይጠቃለል ከተባለ ግን ሌላ ነገር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን አላት። ሽያጯ ከነሐሴ ጋር ይደመር ወይስ ለብቻዋ ትቁም? ይህን ኮድ ጸሐፊው ሊወስን አይችልም፤ የሒሳብ ሹሟ ናት የምትወስነው። እሷን ሳትይዙ ቀን አትቁረጡ።

«ሰው ልጨምርልህ» ሲባል ደስ ብሎ መቀበል

ሥራ ከዘገየ በኋላ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ መማር አለበት። የሚያስተምረው ደግሞ ሥራውን የሚያውቀው፣ ጊዜ ያጠረው ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ከሰው ይልቅ ከሥራው የሚቀነስ ነገር ካለ ብትጠይቁ ይሻላል።

ስምምነትን በቃል መተው

ከስብሰባ እንደወጣችሁ በቴሌግራምም ይሁን በኢሜይል ሦስት መስመር ጻፉ፦ የተስማማነው ይህ ነው፣ ይህ አልተካተተም፣ ከእናንተ የምንጠብቀው ይህ ነው። ለመካሰስ ሳይሆን ሁላችንም ስለምንረሳ ነው።

የደህንነትን ጉዳይ እንደሌላው መደራደር

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ መሃል ላይ መገናኘት የሚቻልበት ነው። የሰው ሕይወት ሲኖርበት ግን እንዲያ አይሆንም። «ሶሌታው ከተሞላ ሳምንት ሆነው እኮ፤ ድጋፉን አንሱትና ወደ ላይ እንለፍ» ተብሎ የሚጠየቅ ኢንጂነር ጥቂት አይደለም። አርማታ ግን የተነደፈለት ጥንካሬ የሚረጋገጠው በ28 ቀኑ ነው፤ የባለቤቱ ችኮላ ይህን አይቀይረውም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ ኢንጂነሮች ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ «የጠፈር መንኩራኩሯ ቻሌንጀር ነገ አትነሳ» ብለው ነበር። የሮኬቱ መገጣጠሚያ የጎማ ማሸጊያዎች በብርድ ይጠጥራሉ፤ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ማስነሳት አይገባም አሉ። ናሳዎች ተቃወሙ። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው መክረው የኢንጂነሮቹን ሐሳብ ቀየሩትና ናሳ ፊርማ ጠየቀ። በማስነሻ ጣቢያው የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ አልፈርምም አለ። ሌላ ኃላፊ ፈርሞ በፋክስ ላከ። በማግስቱ ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ማክዶናልድ እውነቱን ለመርማሪ ኮሚሽኑ በመናገሩ ከቦታው ዝቅ ተደረገ። በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ጣልቃ ገብቶ ተመለሰ፤ የመገጣጠሚያውን አዲስ ንድፍ ሥራም መራ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ፊርማችሁን አትስጡ። ምክንያታችሁን በአንድ ገጽ፣ ከነቁጥሩና ከነቀኑ ጽፋችሁ ለቅርብ አለቃችሁም ከእሱ በላይ ላለውም አስገቡ፤ የደረሰበትን ቀን አስፈርማችሁም ኮፒውን እናንተ ጋ አስቀሩ።