መብራቱ ሲፈዝና ሲደምቅ መጀመሪያ ኒውትራሉን እዩ

ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ጥፋቱ ከእናንተ ቤት አይደለም። የካርድ ቆጣሪው ሂሳብ አለማለቁንና ብሬከሩ አለመውረዱንም አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የምጽፈው የጎረቤት መብራት በርቶ የእናንተ ሲጠፋ፣ ወይም ከመጥፋት የባሰ ነገር ሲሠራ ምን እንደምታደርጉ ነው።

ምጣድ ሲሰካ ብቻ ብሬከር የሚወርድ ከሆነ

3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ብሬከሩ 16 ከሆነና በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅም ካለ መውረዱ ትክክል ነው። ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ውፍረት ገመድ ከነብሬከሩ ለይታችሁ አስዘርጉ። ቀጭኑን ገመድ ትታችሁ ብሬከሩን ብቻ በ32 አትቀይሩ፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። ምጣድ በማከፋፈያ ገመድ ላይም አይሰካም።

ምጣዱ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ

ውስጡ ያለው ሽቦ ብረቱን ነክቷል፤ ነቅላችሁ አሠሩት። «ደረቅ ጫማ አድርጌ እጋግራለሁ» የምትሉ እናቶች፣ እባካችሁ ተዉ።

አንድ ክፍል ብቻ ከጠፋ

ወይ አይጥ ገመድ በልቷል፣ ወይ መገናኛ ሣጥን ውስጥ አንድ ጫፍ ወልቋል።

አምፖሉ ፈዝዞ ድንገት የሚደምቅ፣ ወይም ሁሉም ጠፍቶ ቴስተር (ኃይል መኖሩን በመብራቱ የሚያሳየው መፈተሻ) በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች የሚያበራ ከሆነ

ዓመቱን ሙሉ በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ «ሁለት ፌዝ ገባብን» ይለኛል። ኃይል የሚያመጣው ገመድ፣ ፌዙ፣ አንድ ነው፤ የጠፋው መመለሻው ገመድ፣ ኒውትራሉ፣ ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ ፌዙ በአምፖሉና በፍሪጁ በኩል አልፎ የሚሄድበት ያጣና የኒውትራሉ ገመድ ራሱ ይነዝራል። የተሰካውን ሁሉ ነቅላችሁ፣ አምፖሎቹንም አጥፍታችሁ ቴስተሩን መልሱት። በአንደኛው ቀዳዳ ብርሃኑ ከጠፋ ወይም በጣም ከደበዘዘ በሽታው ተገኝቷል።

ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ተካፍለው የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይከፋል። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። የጋራው ኒውትራል ሲላላ ቤቶቹ ይህን 380 እንደ ጭነታቸው ይከፋፈሉታል፤ ብዙ የሚስበው ቤት ትንሽ ቮልት፣ ትንሽ የሚስበው ቤት ብዙ ቮልት ይደርሰዋል።

በአንድ የፋሲካ ዋዜማ እንዲህ ያለ ግቢ ተጠራሁ። ባለቤቷ እናት ጓሮ ማድ ቤት ምጣድ ጥደዋል፤ ተከራዮቹ ሻይ አፍልተው ቴሌቪዥን ከፍተዋል። እማማ «ልጄ፣ ምጣዱ አልግል ብሎኝ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ» ይሉኛል። ተከራዩ ደግሞ «አምፖሌ ፀሐይ መሰለ፣ ቴሌቪዥኑም ጨሰ» ይለኛል። ለካሁት፤ በእማማ ማድ ቤት 90 ቮልት፣ በተከራዩ ሶኬት 290። ከምሰሶው የመጣው አሉሚኒየምና የቤቱ መዳብ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው ነበር። ናስትሮውን ስፈታው እንደ ሬንጅ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ውስጡ ነጭ ዱቄትና ጥቁር አመድ ነው፤ ገመዱን ጎተት ሳደርገው ያለ ምንም ጉልበት እጄ ላይ ቀረ።

አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ከተነካኩ፣ በተለይ ክረምት እርጥበት ሲገባቸው፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ምጣድ ሲሠራ መጋጠሚያው ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ በየጋገራው ቀን ትንሽ ትንሽ ይላላል። ሲላላ የበለጠ ይሞቃል። ናስትሮ ሽፋን እንጂ ማሰሪያ አይደለም። እንዲህ አስሮ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሄድ ባለሙያ በሰው ቤት ላይ እሳት ትቶ ነው የሄደው።

ስታቢላይዘርም አያድናችሁም። አንዲት እህት ሁለት ገዝታ ሁለቱም ተቃጥለውባት ነበር። ጥፋቱ የዋናው ኒውትራል ብሎን ነው፤ በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ሳጠብቀው ቤቱ ተስተካከለ። ለሁለቱ ስታቢላይዘር ያወጣችው ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምልክቱን እንዳያችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱና ሁሉንም ንቀሉ፤ ሰው ጠርታችሁ እስኪመጣ ቴሌቪዥን አይታይም። ዋናው ብሬከር ወርዶም ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ እንዳለ ነዛሪ ነው፤ ኒውትራል ነው ብላችሁም በባዶ እጅ አትንኩ። መላላቱ ምሰሶው ላይ ወይም ማህተም ያለበት የቆጣሪው ክፍል ውስጥ ከሆነ ወደ መብራት ኃይል በ905 ደውሉ፤ ማህተም አትፍቱ። ከቆጣሪው ወዲህ ከሆነ ባለሙያው የጠቆረውን ጫፍ ቆርጦ ይጣል፤ የተቃጠለ መዳብ ቢፋቅም አይያዝም። ንጹሕ ጫፍ ልጦ፣ አሉሚኒየም ካለ ለሁለቱ ብረት በተሠራ ማገናኛ፣ ብሎኑን አጥብቆ ይሰር።

ዕቃ ስትገዙ ብሬከሩን በእጃችሁ መዝኑት። ላዩ 32 ተጽፎ ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት ያለው፣ ባዶ ክብሪት የሚመስል ቀላል ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል። ገመዱም 2.5 ተብሎ የሚሸጥ ሆኖ ሲላጥ ቀጭን ይሆናል፤ ጫፉን ሳታስልጡ አትክፈሉ።

ጥገናው ባለቀ በማግስቱ ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የብሬከሩን ፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ባለሙያውን መልሱት።

መብራቱ በእርግጥ ከሄደ

ይህ ሌላ ነው፤ እኔም ከልቤ የምወደው ምሽት ነው። ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ ከሰል ይያያዛል፣ ጎረቤት «እናንተም ጋ ጠፋ?» ብላ በሩ ላይ ብቅ ትልና ለቡና ትቀመጣለች። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይጠጋሉ። ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ ልጆች በሻማው ብርሃን ግድግዳው ላይ በእጃቸው የውሻ ጥላ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ይሁን። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ይዛችሁ አትተኙ። አትተኙ።

ጄኔሬተር ያላችሁ ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ቤት አታብሩ። ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ያንኑ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይለውጠዋል፤ ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መብራት የለም ብሎ ነው የሚነካው። የሰው አባት ነው። ቤቱን ወይ ከመብራት ኃይል ወይ ከጄኔሬተሩ ብቻ የሚያገናኘውን ማዞሪያ፣ ቼንጅኦቨር፣ አስገጥሙ።

ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ፤ አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ ተዉት። ልጆቹ «መጣ!» ብለው ሲጮኹ አምስት ደቂቃ ያን አምፖል እዩት። ብርሃኑ ከረጋ ፍሪጁን ሰኩ። ከፈዘዘ ወይም ከልክ በላይ ከደመቀ ምንም አትሰኩ፤ ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ ኒውትራሉን አስፈትሹ።